የድሮ ሳንቲም፣ ጠገራ ብርና ቴምብር በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲገበያዩ እንዳይታለሉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የድሮ ሳንቲም፣ የወረቀት ገንዘብና ቴምብር የሚሰበስቡ ወይም ከቤተሰብ የወረሱትን ለመሸጥ ያሰቡ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው። ቸርችል ጎዳና ካለ ሱቅ የሚገዛ ሰው ዕቃውን በእጁ ያገላብጠዋል፤ ባለሱቁንም ነገ ተመልሶ ያገኘዋል። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ግን ከፊታችን ያለው የሳንቲሙ ፎቶ፣ የሻጩ ፎቶ፣ የመታወቂያው ፎቶና የክፍያ ደረሰኙ ፎቶ ብቻ ነው፤ አራቱንም ማንም ሰው ከሌላ ሰው ሊወስዳቸው ወይም በስልኩ ሊፈበርካቸው ይችላል። ስለዚህ መልሶቹ በአብዛኛው የሚያተኩሩት፣ ለማስመሰል የሚያስቸግር ማረጋገጫ ከየት ይገኛል በሚለው ላይ ነው።

«ባለ 25 ሳንቲሙ ካለዎት በሚሊዮን ብር እንገዛለን» የሚል ቪዲዮ አየሁ። እውነትነት አለው?

የለውም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል የታተሙት ሳንቲሞች ላይ የሚነበበው ዓመት ፲፱፻፴፮ ነው፤ ነገር ግን በዚያው የዓመት ቁጥር ለረጅም ጊዜ በተደጋጋሚ ስለታተሙ ብዛታቸው እጅግ ከፍተኛ ነው፤ እስከ ዛሬ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚገኙትም ለዚህ ነው። ለሰብሳቢ ልዩነት የሚያመጣው ሌላ ዝርዝር ነው። ለምሳሌ መጀመሪያ ክብ ሆኖ የወጣው 25 ሳንቲም ከ50 ሳንቲሙ ጋር እየተመሳሰለ ስላስቸገረ ከገበያ ተሰብስቦ፣ ጠርዙ ዙሪያውን በተከረከመው ተተክቷል፤ ስለዚህ ክቡ ከተከረከመው የበለጠ ይፈለጋል። ያም ቢሆን ዋጋው ከሚሊዮን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. በአዲስ ስለተተኩት የድሮ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶችም ተመሳሳይ ወሬ ይነዛል፤ ትናንት በሁሉም ኪስ ውስጥ የነበረ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ብርቅ ሊሆን አይችልም።

የማታለያው አካሄድ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ገዢው» የሳንቲሙን ፎቶ ያስልካል፣ ወዲያው ያደንቃል፣ የማይታመን ዋጋ ይሰጣል፤ ቀጥሎ የምዝገባ፣ የግምት ወይም የኢንሹራንስ ክፍያ እንዲላክለት ይጠይቃል፤ የተጠየቀው ሲከፈልም ሌላ የክፍያ ዓይነት ያመጣል። በህንድ ይኸው ዘዴ የማዕከላዊ ባንኩን ስምና ዓርማ ጭምር መጠቀም በመጀመሩ፣ ባንኩ በነሐሴ ወር 2021 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ በይፋ አስታውቋል። ከሻጭ ገንዘብ የሚጠይቅ ገዢ ገዢ አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ የማውቀው የተለየ ሁኔታ የለም።

ማርትሬዛዬ (ጠገራ ብሬ) ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለ። ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም አይደለም። 1780 ምስላቸው በሳንቲሙ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የታተመው ጠገራ ብር ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ቪየና ብቻ ሳትሆን ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም በተለያየ ጊዜ አትመውታል። ኢጣሊያ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ ያሳተመችው አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ እንደነበረ ይታወቃል። የቪየና ማተሚያ ቤት ዛሬም አትሞ ይሸጣል። ስለዚህ «የ1780 ኦሪጅናል» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ፣ ጽሑፉ ስለ ዕድሜው ምንም እንዳልነገረዎት ይቁጠሩት። አንዳንዱ ሻጭ ይህን ሳያውቅ ነው የሚጽፈው፤ አንዳንዱ ግን በሚገባ ያውቃል፣ ሆኖም ሲጠየቅ «ቁጥሩን እኔ አልጻፍኩትም» ብሎ ለማምለጥ እንዲመቸው እንዲሁ ይተወዋል። የኅትመቱን ቦታና ዘመን የሚለዩት በዘውዱ፣ በንስሩ ክንፍና በጌጡ ላይ ያሉ ጥቃቅን ልዩነቶች ናቸው፤ እነሱን ማየት ለማይችል ገዢ ትክክለኛው ዋጋ ከብሩ የብረት ዋጋ ብዙ ያልራቀ ነው።

ሻጩ የላከልኝ ፎቶ ይበቃል?

አይበቃም። መጀመሪያ ፎቶውን በጎግል ሌንስ ይፈልጉት፤ ከሌላ ቻናል ወይም ከውጭ የጨረታ ድረ ገጽ የተወሰደ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይገኛል። ካልተገኘም ፎቶው የሻጩ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሻጩ በወረቀት ላይ ስሙንና የዕለቱን ቀን በእጁ ጽፎ፣ ሳንቲሙን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ከፊትና ከኋላ እንዲያነሳ ይጠይቁት። ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬ ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶን መቀየር ቀላል በመሆኑ ብቻውን አያስተማምንም። የተሻለው በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ማድረግና ሻጩ ያልተዘጋጀበትን ነገር እንዲያደርግ መጠየቅ ነው፦ ሳንቲሙን በጣቱ ይዞ ጠርዙን ቀስ ብሎ እንዲያዞረው፣ ከዚያም ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጠው። በማርትሬዛ ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ በጉልህ ተቀርጿል፤ በርካሽ የተቀረጸ አስመሳይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስለ ጠርዙ ሲጠየቅ ኔትወርኩ የሚቋረጥበት ሻጭ ዕቃው በእጁ አለመኖሩን ሊጠረጥሩ ይገባል።

በአካል ስንገናኝ ምን ልፈትሽ?

የቀድሞ ነጋዴዎች ጠገራ ብርን ከመቀበላቸው በፊት በእቴጌይቱ ዘውድና ትከሻ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጥቦች ይመለከቱ እንደነበር ይነገራል፤ ነጥቦቹ ደብዝዘው ወይም ተዋሕደው ከታዩ ዛሬም ማስጠንቀቂያ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሚዛን ነው። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ስፋቱም ወደ 40 ሚሊሜትር ይጠጋል። በፓሪስ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው የዳግማዊ ምኒልክ አንድ ብርም ከዚሁ እንዳይለይ ተብሎ በተመሳሳይ ክብደት፣ ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ሆኖ ተሠርቷል። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ነገር ግን ናስም መዳብም አይሳቡም፤ ስለዚህ ማግኔት የሚያጋልጠው ሞኙን አስመሳይ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የውኃ ፍተሻ ነው፤ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ካለ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ሳንቲሙን በደረቁ መዝነው ቁጥሩን ይጻፉ። ቀጥሎ ግማሽ ድረስ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉት፤ የብርጭቆውን ታችም ሆነ ግድግዳ መንካት የለበትም፣ የአየር አረፋም ተጣብቆበት ከሆነ በመነቅነቅ ይልቀቅ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር ሲያካፍሉ ወደ 10.2 የሚጠጋ ውጤት ሊያገኙ ይገባል፤ ላልተበላ ማርትሬዛ የሚዛኑ ንባብ 2.75 ግራም ገደማ ይሆናል። ተመሳሳይ ክብደት ያለው የናስ ቅጂ ግን 3.3 ገደማ ያሳያል፣ ልዩነቱም ለማንም ግልጽ ነው። ሆኖም ይህ ፍተሻ የሚናገረው ስለ ብረቱ ዓይነት እንጂ ስለ ዘመኑ አይደለም፤ ትናንት በቪየና የታተመም ያልፈዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ብዙ ጠገራ ብር ለአንገት ጌጥነት ውሏል፣ ቀለበትም ተበይዶበታል። ቀለበቱ ተነስቶ ቦታው በሞረድ የተስተካከለ ሳንቲም እውነተኛ ቢሆንም ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል። ይህን የሚደብቅ ሻጭ ፎቶውን ሲያነሳ የላይኛውን ጫፍ በጣቱ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ በጣት ያልተያዘ፣ ዙሪያው በሙሉ የሚታይ ፎቶ ይጠይቁ። እንዲያብረቀርቅ ተብሎ በአመድ ወይም በኬሚካል የተፈተገ ሳንቲምም እንዲሁ ነው።

ሻጩ ብዙ ሰው የመሰከረለት ነው። ይህ አይበቃም?

የመሰከሩት እነማን እንደሆኑ ያጣሩ። ትናንት የተከፈቱ አካውንቶች «ታማኝ ነው፣ ደርሶኛል» ብለው ቢሰለፉ ምንም ዋጋ የለውም። በሌላ በኩል ደግሞ እውነተኛ መልካም ስም ያለው ሰው ስምና ፎቶ ይገለበጣል፦ በቴሌግራም ዩዘርኔም ላይ አንዲት ፊደል ወይም ሰረዝ ተጨምራ አዲስ አካውንት ይከፈታል፤ ግሩፕ ውስጥ ጥያቄ በጠየቁ ማግሥት «እኔ ነኝ» እያለ በውስጥ መስመር የሚጽፍልዎ ይኸኛው ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ግሩፑ ላይ ከተለጠፈው የራሱ የሰውየው መልእክት ስሙን ነክተው እርስዎ ይጻፉለት፣ በውስጥ የመጣልዎን አይከተሉ። የመታወቂያ ወይም የፋይዳ ካርድ ፎቶ ሲላክልዎ አያስደንቅዎት፤ ያ ካርድ ከእርስዎ በፊት የተታለለ ሰው የላከው ሊሆን ይችላል። በዚሁ ምክንያት የራስዎንም መታወቂያ ለማይታወቅ ሰው አይላኩ።

«ቀብድ ላክና ላስቀምጥልህ» ተባልኩ። ልላክ?

በአካል ለሚያውቁት ሰው ካልሆነ አይላኩ። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ጥሩ ድንጋጌ አለው፤ ተዋዋዮች በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ከሰረዘ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከሰረዘ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይሁን እንጂ ስሙም አድራሻውም በማይታወቅ ሰው ላይ ይህን ድንጋጌ ማስፈጸም አይቻልም። «ሌላ ሰው እየመጣበት ነው፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወስን» የሚለው ግፊት የሚመጣው እርስዎ እንዳያጣሩ ነው፤ የጥንት ሳንቲም እንደ ቲማቲም አይበላሽም።

እኔ ሻጭ ነኝ፤ ገዢው የከፈለበትን ደረሰኝ ላከልኝ። ዕቃውን ልስጥ?

ገንዘቡ በራስዎ ሂሳብ ላይ እስካልታየ ድረስ አይስጡ። የባንክ ወይም የቴሌብር ደረሰኝ ስክሪንሾት በጥቂት ደቂቃ ይቀየራል፤ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ከግለሰብ ስልክ የባንክ መልእክት መስሎ ይላካል። መተግበሪያውን ራስዎ ከፍተው ቀሪ ሂሳብዎን ይመልከቱ፤ ኔትወርክ ከሌለ ገዢው ይጠብቅ። «በስህተት ትርፍ ስለላክሁ ልዩነቱን መልስልኝ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሙሉው ገንዘብ ገብቶ ካልሆነ የሚመለስ ትርፍ የለም።

እኔ ገንዘቡን ልኬያለሁ፣ ሻጩም ገንዘቡ እንደገባለት ያምናል፤ ሳንቲሙ ግን የት እንደደረሰ አይታወቅም። ይህ እንዴት ይሆናል?

ይህ ሦስት ሰው የሚገባበት ማታለል ነው፤ ተንኮሉ ረቀቅ ስላለ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል። አጭበርባሪው በግሩፕ ላይ የምኒልክ ብር የሚሸጥ እውነተኛ ሰው ያገኛል። የሰውየውን ፎቶዎች ወስዶ በሌላ ግሩፕ በትንሽ ቅናሽ ይለጥፋቸዋል። አንድ ገዢ ሲመጣለት፣ ለእውነተኛው ሻጭ «ዋጋው ተስማምቶኛል፣ ወንድሜ ይከፍልልኛል» ይልና የሂሳብ ቁጥሩን ይቀበላል፤ ያንኑ ቁጥር ለገዢው ይሰጠዋል። ገዢው ይከፍላል፣ ገንዘቡም በእርግጥ በሻጩ ሂሳብ ይገባል። ሻጩ ሂሳቡን አይቶ ረክቶ ሳንቲሙን ለመጣው የሞተር አመላላሽ ይሰጣል። አጭበርባሪው ሳንቲሙን ይዞ ይጠፋል። ገዢው ፖሊስ ዘንድ ሲሄድ በእጁ ያለው ብቸኛ ስም የሻጩ ነው፤ ስለዚህ የሚጠየቀውም፣ ሂሳቡ የሚታገደውም ምንም ያላጠፋው ሰው ይሆናል።

እዚህ ላይ ሂሳብን ማየት ብቻ ሻጩን አያድነውም። የሚያድነው የከፋዩን ስም ከተረካቢው ስም ጋር ማስተያየት ነው። ከፋዩ ሌላ ሰው ከሆነ ያንን ሰው በስልክ አግኝተው «ምን ገዝተህ ነው የከፈልከው? ከማን?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ወዲያው ያጋልጠዋል። ገዢውም በበኩሉ ከመክፈሉ በፊት መተግበሪያው የሚያሳየውን የሂሳብ ባለቤት ስም አይቶ፣ ሻጩ በቪዲዮ ጥሪ ላይ ሳንቲሙን ይዞ ያንኑ ስም እንዲናገር ማድረግ አለበት። በክፍያው ምክንያት ቦታ ላይ «የምኒልክ አንድ ብር ግዢ» ብሎ መጻፍም ሁለቱን ወገኖች ይረዳል።

የግሩፑ አድሚን በመሃል ገብቶ ገንዘቡን ቢይዝልንስ?

አድሚኑን በአካል የሚያውቁት ከሆነ ይቻላል። ካልሆነ የሚያምኑት ሰው ብዛት ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ አለ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ሻጩ ራሱ የሚያቀርበውን «ገለልተኛ ዋስ» ግን በምንም ዓይነት አይቀበሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ላሉ ሰዎች በባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ተገናኝቶ፣ ዕቃውን መዝኖ፣ እዚያው ማስተላለፍ ከየትኛውም ዋስ ይሻላል።

የምኖረው በውጭ አገር ነው። በምን መንገድ ብከፍል ይሻላል?

በፔይፓል የሚከፍሉ ከሆነ «ዕቃና አገልግሎት» የሚለውን ይምረጡ፤ ዕቃው ካልደረሰ ወይም የተገለጸው ዓይነት ካልሆነ በ180 ቀን ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ያስችላል። ሻጩ ኮሚሽኑን ለመሸሽ «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው እንዲልኩለት ቢጠይቅዎ፣ ይህ ጥበቃ እንደሚቀር ይወቁ፤ ኮሚሽኑን ራስዎ ቢሸፍኑ ይረክሳል። በዜል (በአሜሪካ ባንኮች የገንዘብ ማስተላለፊያ) የተላከ ገንዘብ ደግሞ ተቀባዩ የተመዘገበ ከሆነ ሊሰረዝ አይችልም። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው ሳንቲሙን አይቶና መዝኖ የሚከፍል ዘመድ መላክ ነው። በአገር ሰውነት ብቻ መተማመን የተለመደ ነው፤ አጭበርባሪውም በአማርኛ የሚጽፍልዎ ይህንን ስለሚያውቅ ነው።

የአክሱም ሳንቲም፣ የብራና መጽሐፍ ወይም የድሮ መስቀል ቀረበልኝ። ልግዛ?

አይግዙ። አስመሳይ ከሆነ ገንዘብዎን ያጣሉ፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ከመሬት ተቆፍሮ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ተሰርቆ የወጣ ሊሆን ስለሚችል በሕግ ይጠየቃሉ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። «ፈቃድ አለኝ» የሚል ሰው የወረቀቱን ፎቶ ሲልክልዎ፣ ወረቀቱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ሳያረጋግጡ አይመኑ፤ ይህም ከሌሎቹ ፎቶዎች አይለይም።

በፕላስቲክ የታሸገና ደረጃ የተሰጠው ሳንቲም አስተማማኝ ነው?

ከሌላው ይሻላል። ይሁን እንጂ ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡት የፒሲጂኤስ (PCGS) እና የኤንጂሲ (NGC) ኩባንያዎች ማሸጊያዎችም ይመሰላሉ። በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገብተው፣ የሚወጣው መግለጫና ፎቶ በእጅዎ ካለው ሳንቲም ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ፤ ቁጥሩ ትክክለኛ ሆኖ ሳንቲሙ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቴምብርስ?

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የታተሙት፣ የዳግማዊ ምኒልክና የአንበሳ ምስል ያላቸው ሰባት ዓይነቶች ናቸው፤ ተጨማሪ ማኅተም ያልተመታባቸው ቴምብሮች ለማግኘት ያን ያህል አስቸጋሪ አይደሉም። ማታለሉ የሚበዛው ቆይተው በቴምብሮቹ ላይ በተመቱት ተጨማሪ ማኅተሞች ላይ ነው፤ ርካሹ ቴምብር እውነተኛ ሆኖ ማኅተሙ ግን ትናንት የተመታ ይሆናል። የባለሙያ ማረጋገጫ ከሌለው በባለማኅተሙ ዋጋ አይግዙት፤ ልምድ ለማግኘትም በአዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ያለውን የቴምብር ሙዚየም አስቀድሞ መጎብኘት ይጠቅማል።

ተታልያለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

በቴሌግራም አንዱ ወገን መልእክቶችን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ቁጣዎን ከመጻፍዎ በፊት የውይይቱን፣ የዩዘርኔሙንና የማስታወቂያውን ምስል ያስቀሩ፤ ዩዘርኔም ስለሚቀየር የአካውንቱን መለያ ቁጥር ማግኘት ከቻሉ ያንንም ይያዙ። ወዲያው ወደ ባንክዎ ወይም ወደ ቴሌብር ደውለው የግብይቱን ቁጥር ይስጡ፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሂሳብ ካልወጣ የማገድ ዕድል አለ፤ ይህ ዕድል የሚለካው በደቂቃና በሰዓት ነው። ቀጥሎ ለፖሊስ ያመልክቱ። ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ የማታለል ወንጀል ነው፤ በኮምፒዩተር የተፈጸመ ማታለልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ። ሂሳቡ የተከፈተበት ስም ምናልባት ሂሳቡን ለሌላ ያከራየ ሰው ስም ቢሆንም፣ ለምርመራው መነሻ እሱ ስለሆነ አይናቁት። የሦስትዮሽ ማታለል ሊሆን እንደሚችል ካሰቡ ግን፣ የሰውየውን ስምና ፎቶ «ሌባ» ብለው በየግሩፑ ከመለጠፍዎ በፊት ደውለው ያነጋግሩት።

ጉዳዩን ግሩፕ ላይ ከጻፍኩ በኋላ «ገንዘብህን የምናስመልስ የሳይበር ባለሙያዎች ነን» የሚል መልእክት መጣልኝ። ላናግራቸው?

አያናግሯቸው። የተታለሉ ሰዎችን ጽሑፍ እየተከታተሉ የሚልኩት መልእክት ነው፤ አንዳንዴም ላኪው ያው የመጀመሪያው ሰው ነው። ቅድሚያ ክፍያ ወይም በስልክዎ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ቁጥሩን ከሰጧቸው ቀሪውንም ሂሳብ ይወስዱታል።